ስለ ሻይ ንግድ ጅማ ላይ የሚወራውና እውነታው

ሂርማታ ገበያ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቄ ሻይ ቅጠል፣ ስኳርና ቅመም እሸጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከየወረዳው የሚመጣው ሰው ስኳሩን እስክመዝንለት ድረስ ወሬውን ያራግፍብኛል። የክልሉ መንግሥት የሻይ ችግኝ በሰፊው ማስተከል ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ወሬው ሁሉ ሻይ ሆኗል። አንዱ «ቡናዬን ነቅዬ ሻይ ልተክል ነው» ይለኛል፤ ቀጣዩ «ጅማ ላይ ሻይ? ቀልድ ነው!» ብሎ ይስቃል። ለሁለቱም የምመልሰው አለኝ፤ በየሐሙሱ ከመድገም አንዴ መጻፉ ይሻለኛል።

«ጅማ የቡና አገር ናት፤ ሻይ ለነውሽውሽ ነው»

መንገዱን አስቡት። በቦንጋ በኩል ብትወጡ የሻይ እርሻ ያለባትን ውሽውሽን ታገኛላችሁ። በአጋሮና በበደሌ አድርጋችሁ መቱን ብታልፉ ጎሬ አጠገብ የጉማሮ ሻይ እርሻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ገደማ ሻይ ወደ አገራችን የገባው በዚያ በኩል ነው። ጅማ የሁለቱ መንገድ መገናኛ ናት። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከላችንም ከቡናና ከቅመማ ቅመም ጎን ለጎን በሻይ ላይ ይሠራል።

አፈሩም ቢሆን ጠላት አይደለም። ገበሬው በቆሎ አልሆን ሲለው ኖራ የሚበትንበት ያ አሲዳማ ቀይ አፈር ለሻይ ይመቸዋል፤ ሻይ የሚወደው የአፈር ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ከ4.5 እስከ 5.5 ያለው ነው። ስለዚህ ኖራ በደንብ የጠገበ ማሳ ካላችሁ በቆሏችሁን ዝሩ፤ ለሻይ ሌላ ቦታ ፈልጉለት።

«ሻይም እንደ ቡና ነው፤ አድርቆ ዋጋ መጠበቅ ነው»

ከሁሉም የምፈራው ይኼን ነው። ባለፈው አንድ ከጌራ የመጡ አዛውንት ሁለት ኪሎ ስኳር አስመዝነው ቁጭ አሉና ዕቅዳቸውን ነገሩኝ። ከቡናቸው ግማሹን ሊነቅሉት ነው።

«ሻዩን ለቅሜ ጎተራ አስገባዋለሁ፤ ዋጋው ሲወጣ አወጣዋለሁ» አሉ።

«አባ፣ ከእርስዎ ቤት ፋብሪካው የስንት ሰዓት መንገድ ነው?»

«የምን ፋብሪካ ልጄ?»

የታጠበም ሆነ ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቅ) ቡና በደንብ ከደረቀ መጋዘን ውስጥ ወራት ይቆያል። የሻይ ቅጠል ግን ከተለቀመበት ደቂቃ ጀምሮ ይተነፍሳል። ጆንያ ውስጥ ታጭቆ የዋለ ቅጠል መሃሉ ላይ እጃችሁን ብትከቱ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል፤ ጠርዙም ይቀላል። እንዲህ ከሆነ በኋላ የትኛውም ማሽን አይመልሰውም። በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ደርሶ መጠውለግ፣ መታሸት፣ መብላላትና መድረቅ አለበት። ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚወጣው አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ብቻ ነው። ገበሬው የሚጭነው አብዛኛው ውሃ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የትራንስፖርቱ ዋጋ ከቡና ጋር አይወዳደርም።

ለቀማውም በዓመት አንዴ አይደለም። ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ እየተባለ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለቀማል። ሰው ከሌላችሁ ቅጠሉ ይጠነክርና ዋጋ ያጣል። በሌላ በኩል ቡና በዓመት አንዴ ከሚሰጠው ብር የተለየ ነገር አለው፤ ለቀማው በቀጠለ ቁጥር በየጊዜው ገንዘብ ይመጣል። የልጅ ደብተር መስከረም ላይ መገዛት ሲኖርበት ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ችግኙ ለመጀመሪያው ለቀማ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ በሄክታር የሚተከለውም ከ10 ሺህ ችግኝ በላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚበላው ከየት ይምጣ? ያውም በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባገኘችበት ጊዜ የቆመ ቡና መንቀል ለእኔ እብደት ነው። በቆሎ እምቢ ያለው ተዳፋት፣ ባሕር ዛፍ የያዘው ጥግ ግን ለሻይ አለ።

ኬንያን የሚያነሱልኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ኬንያ በጥቁር ሻይ ኤክስፖርት ከዓለም ቀዳሚ ናት፣ ከምርቷም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከአነስተኛ ገበሬ ማሳ ይመጣል። ግን እዚያ ገበሬው ችግኝ ተሰጥቶት ብቻውን አልተተወም። ቅጠል የሚመዘንበት ጣቢያ በየሰፈሩ አለ፣ መኪናው ተራውን ጠብቆ ይመጣል፣ ፋብሪካውም ቅርብ ነው፤ የፋብሪካው ባለድርሻም ራሱ ገበሬው ነው። እኛ ጋ ችግኙን ከሚሰጣችሁ ሰው መጠየቅ ያለባችሁ «ቅጠሉን ማን፣ በየስንት ቀኑ፣ በምን መኪና ይወስደዋል?» ብላችሁ ነው። መልሱ «እናያለን» ከሆነ እናንተም እዩ።

«አረንጓዴ ሻይ ሌላ ተክል ነው»

አይደለም። ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ነጩም ከአንድ ተክል ነው የሚወጣው። ልዩነቱ አሠራሩ ነው፤ አረንጓዴው እንዳይብላላ ቶሎ በእንፋሎት ወይም በምጣድ ሙቀት ይመታል፣ ጥቁሩ ይብላላል።

«የከረጢቱ ሻይ የፋብሪካ ጥራጊ ነው»

ለዚህ ወሬ አንዱ ምክንያት «ዱስት» የሚባለው የሻይ ደረጃ ስም ይመስለኛል፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አቧራ ነውና። ነገር ግን ደረጃው የሚነግረን የቅንጣቱን መጠን ነው። ደቃቅ የሆነው ውሃ ውስጥ ቀለሙን ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ ለከረጢት ይመረጣል። ከጥሩ ቅጠል የወጣ ደቃቅ ከመጥፎ ቅጠል ከወጣ ድፍን ይበልጣል።

ሻይን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አያያዝ ነው። ሱቅ በከፈትኩበት ዓመት አንድ ኩንታል ሻይ ቅጠል ከልብስ ሳሙና ካርቶን ጋር ደርድሬ አስቀመጥኩ። ሻይ ሽታ ይስባል። በሳምንቱ አንዲት የአውቶብስ ተራ ሻይ ሻጭ ፔርሙሷን ይዛ መጣችና «ቅመሰው» አለችኝ። ቀመስኩት። ሳሙና ነው የጠጣሁት። የቀረውን ኩንታል አላውቅ ባይ ሆኜ ልሸጠው አልቻልኩም፤ ከሰርኩ።

«ትርፉ ያለው ውጭ መላክ ላይ ነው»

ኬንያ፣ ሞምባሳ ጨረታ ላይ በጅምላ የሚሸጠው ጥቁር ሻይ ኪሎው በጥቂት ዶላር ነው የሚሄደው። ያንኑ ኪሎ በሁለት ሁለት ግራም ከረጢት ብትከፍሉት 500 ከረጢት ይሆናል። የአንዷን ከረጢት ችርቻሮ ዋጋ በ500 አባዙና ልዩነቱ የት እንደሚቀር ተመልከቱ፤ በማዋሃድ፣ በማሸግና በስም ላይ ነው። ደንበኛውም ሩቅ አይደለም። ሱዳን፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲና ግብፅ ሻይ የሚጠጣ ሕዝብ ናቸው። የአገር ውስጡን ተዉት፤ ቢሮ ውስጥ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው እንኳ «የሻይ ስጥ» ነው የሚባለው።

ጅማ ላይ እስካሁን ብዙ ያልተነካው ሥራ ቅመም ያለው ሻይ ይመስለኛል። ኮረሪማውና ዝንጅብሉ የዚሁ አካባቢ ነው፤ የምናሸገው ግን ቅርንፉድና ቀረፋ ከውጭ አስመጥተን ነው። የምግብ ማምረቻ ፈቃድ አውጥቶ፣ ንጹሕ ክፍልና ጥሩ ማሸጊያ ይዞ ለሚጀምር ወጣት ከአንድ ሄክታር ሻይ ይልቅ ይቀለዋል።

«የቡና ቅጠል የችግረኛ መጠጥ ነው»

ሐረሮች ቁጢ፣ ከፋዎች ጨሞ ይሉታል። በትክክለኛ ስሙ ሻይ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሌላ ነው። ግን የአውሮፓ ሕብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥ ከውጭ የመጣ ባህላዊ ምግብ ሆኖ ገበያው እንዲገባ ፈቅዷል፤ እዚህ አገር ለዘመናት መጠጣቱም ማስረጃ ሆኖለታል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚረግፈውን ቅጠል እናስበው። ፍሬ ከሚይዘው ዛፍ ላይ መልቀም ግን ምርቱን ስለሚጎዳ አይመከርም።

ይኼን ለጌራው ሰውዬ ነገርኳቸው። ግማሹን ስለ መንቀል ለጊዜው ዝም ብለዋል። በቀጣዩ ሐሙስ ባለቤታቸው ያደረቁትን ቅጠል በሶ በሚቋጠርበት ጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ፤ ከሳሙናው ራቅ አድርጌ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።