ሁለት ልብስ ያለው፦ የጽጌ ወራትና የጓዳችን ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እንኳን ለዘመነ ጽጌ አደረሳችሁ! ቅዱስ ዮሐንስን አከበርን፣ ደመራ ደመርን፣ መስከረም 21 ቀንም ግሸን ደብረ ከርቤ ወጥተን ከመስቀለኛው አምባ በረከት ተቀብለን ተመለስን። አሁን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችባቸውን ዘመናት የምናስብባቸው ናቸው። ጾመ ጽጌ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም፤ በፈቃድ የሚጾም ነው። ስለዚህ የጾመ ያልጾመውን አይናቅ።

በአምባሰልም፣ በደሴም፣ በወረኢሉም ክረምቱ ሲወጣ ቤት ይራገፋል፣ ግድግዳ ይለቀለቃል፣ ሳጥን ይከፈታል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከቤት የወጣው ነገር የት እንደሚደርስ ስናይ ልብ ያዝናል። በየደጀ ሰላሙ ብብቱ የተተረተረ ሸሚዝ፣ ዚፑ የወለቀ ሱሪ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ በማዳበሪያ ታጭቆ ይጣላል። «ለነዳያን» ይባላል። ሌላው ደግሞ አንድ ብርድ ልብስ ሲሰጥ ተቀባዩን አቁሞ ፎቶ ያነሳዋል። ዛሬ የምናየው ቃል በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የተነገረ ነው።

ሕዝቡ መጥምቁ ዮሐንስን «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «ሁለት ልብሶች ያሉት ለሌለው ያካፍል፥ ምግብም ያለው እንዲሁ ያድርግ» አላቸው (ሉቃ. 3፥10-11)። ይህ ጥያቄ የመጣው «ለንስሐ የሚገባ ፍሬ አድርጉ» ካላቸው በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ምሳር በዛፎች ሥር ተቀምጧል ብሎ ያስደነገጣቸው ያ ባሕታዊ፣ ሲጠይቁት ወደ በረሃ ውጡ አላላቸውም፣ የግመል ጠጉር ልበሱ፣ አንበጣና የበረሃ ማር ብሉም አላላቸውም። መጀመሪያ ያዘዛቸው ሳጥናቸውንና ሌማታቸውን እንዲከፍቱ ነው። ቀራጮቹ «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» የተባሉት፣ ወታደሮቹም ደመወዛችሁ ይብቃችሁ የተባሉት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሁለት» የሚለውን ቃል ደግሞ አስተውሉት። ዐሥር ያለው አላለም። ሁለት ያለው ሰው አንዱን ሲሰጥ የሚቀረው አንድ ነው፤ ከሰጠው ጋር እኩል ይሆናል። ደግሞም «የተቀደደውን ይስጥ» አላለም። እኛ ግን ዐሥር እያለን ዐሥራ አንደኛውን፣ እሱንም ካለቀ በኋላ እናወጣለን። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን በግ ለመሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን ካህናት ሲገሥጽ፣ ይህንኑ ለአለቃህ አቅርብለት፣ ደስ ይለው እንደሆነ እይ አላቸው (ሚል. 1፥8)። የሚሰጠውን ልብስም በዚሁ መዝኑት። እሑድ ለቅዳሴ ለብሳችሁት ትሄዳላችሁ? የማትሄዱ ከሆነ ቆርጣችሁ መወልወያ አድርጉት እንጂ ምጽዋት ብላችሁ አትጥሩት።

ቅዱስ ባስልዮስ በሳጥንህ የዘጋህበት ልብስ የታረዘው ሰው ልብስ ነው ብሎ ያስተማረውም ከዚህ የሚለይ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ «ልብሳችሁም በብል ተበልቶአል» ሲል የወቀሳቸው ሰዎች ልብስ አልሰረቁም፤ ያጠፉት አስቀምጠው ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይሠራ። ዝናቡ ለቆ ፀሐይ የጠናበት ቀን ይመረጥ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ በቤቱ ያለ ልብስ ሁሉ ይውጣ፤ አልጋ ሥር ያለው ሻንጣ፣ ቆጥ ላይ የተጣለው ማዳበሪያም ጭምር። ግማሹን ብቻ ማውጣት አይጠቅምም፤ ስንት ጋቢ እንዳለን የምናውቀው አንድ ላይ ተከምሮ ስናየው ነው። ከዚያ ሦስት ቦታ ይከፈል፦ ለቤት የሚቀር፣ የሚሰጥ፣ የሚቆረጥ። «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» የሚባል አራተኛ ክምር አይኑር፤ ሳጥኑን እንደገና የሚሞላው እሱ ነው። ሁለት ክረምት አልፎት ያልተለበሰ ልብስ ወደሚሰጠው ይሂድ።

ብል የሚወደው ሱፍን ነው፤ ባናን፣ በርኖስን፣ የሱፍ ካፖርትን። የሚበላው የምትበረው የእሳት ራት ሳትሆን ትሏ ናት። ትሏ በስፌት ውስጥ፣ በኪስ ሥርና በእጥፋት ትደበቃለች፤ ስለዚህ ኪስ ሁሉ ተገልብጦ ይቦረሽ፣ ይራገፍ፣ ፀሐይ ይምታው። ጥጥ ግን ጠላቱ ሻጋታ ነው። ሻጋታው ከቤት ውጭ ይቦረሽ፣ ልብሱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅም አይታጠፍ። በደሴ ቤቶች ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ይይዛልና ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከሥሩም እንጨት ወይም ድንጋይ ይግባበት። ይህ ካልተደረገ የታጠበው ልብስ ከወር በኋላ ተመልሶ ይሻግታል።

ሳይታጠብ የሚሰጥ ልብስ በሽታ ይዞ ይሄዳል። የልብስ ቅማል ግርሻንና ተስቦን ያስተላልፋል፤ ቅማሉም እንቁላሉም የሚቀመጠው በስፌቱ ላይ ነው። የሚቻለው ይቀቀል። መቀቀል የማይችለው ካፖርት በላስቲክ ከረጢት አፉ ታስሮ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ የሰው ደም ያላገኘ ቅማል በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ቁልፉ ይተከል፣ ዚፑ ይጠገን፣ ጫማው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታሰር። የልጅ ልብስ በዕድሜ ተለይቶ ይቋጠር፤ ተቀባዪዋ እናት ሰው ፊት እየዘረገፈች እንዳትፈልግ።

አሰጣጡን በተመለከተ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ተብሏል። ታዲያ ስልክህ ለምን ያውቃል? ወንድሜ፣ የተቸገረውን ሰው ፊት ለሰው ዓይን አውጥተህ የምታገኘው ምስጋና ዋጋህ እርሱ ብቻ ነው፤ ጌታ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» ያላቸው እንዲህ ያሉትን ነው። በእድሩ፣ በሰንበቴው፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ በኩል ይሰጥ። የሚያውቁት ጎረቤት ከሆነ ደግሞ ሲመሽ በጓሮ በር ይድረሰው። ጎረቤቱ ሙስሊም ቢሆንስ? መጥምቁ «ለሌለው» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረበትም። የወሎ ሰው ይህንን ከማንም አይማርም። በሰሜንም በደቡብም ወሎ በመጠለያ የከረሙ ተፈናቃዮች አሉ፤ እመቤታችን በግብፅ በረሃ የተንከራተተችበትን ወር እየጾሙ እነርሱን መርሳት እንዴት ይሆናል?

ሳጥኑ ሲራገፍ ከሥሩ ሌላ ነገር የሚወጣበትም ቤት አለ፤ ከጠንቋይ የመጣ ክታብ፣ የተቋጠረ ሥር፣ ለውቃቢ ተብሎ የተቀመጠ ጨሌ። ይህ ለማንም አይሰጥም፣ አይሸጥም። በኤፌሶን ያመኑት የአስማት መጻሕፍታቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋውም አምሳ ሺህ ብር ሆኖ ተገኘ (ሐዋ. 19፥19)። የንስሐ አባታችሁን ጠርታችሁ አስወግዱት። ያረጁ ቅዱሳት ሥዕላትና የተቀዳደዱ የጸሎት መጻሕፍት ግን ወደ ቆሻሻ አይጣሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡ።

«ምግብም ያለው እንዲሁ ያድርግ» ወደሚለው እንለፍ። በልግ አብቃይ በሆነው የወሎ ደጋ እህሉ የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይደርቅ ጎተራ ይገባል። ስለዚህ ጎተራው በዚህ ወር ይፈተሽ። እህሉ በሸራ ላይ ሳስቶ ይሰጣ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይጥገበው፣ ከዚያ ይበጠር። የጎተራው ስንጥቅ በጭቃና በእበት ይለሰን፣ አሮጌ እህል ከአዲሱ ጋር አይደባለቅ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ይፈተሹ። የሻገተ በቆሎና የሻገተ በርበሬ መርዙ በእሳት አይጠፋም፤ ለድሃም አይሰጥ፣ ለጠላም አይሁን፣ ለከብትም አይጣል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይደረግ፤ ልጆች ተኝተው እንዳይነሡ ያደርጋል። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካንም ቢታጠብ ዘይትና ውኃ አይያዝበት።

የጾሙ ማዕድ ራሱ ጓዳውን ያቀልላል፤ እኛ ግን በዘይት አክብደነዋል። ሥጋና ቅቤ ትተን ሽሮውን በዘይት ብናንሳፍፈው ሆዳችን ከምን ጾመ? አምስት ሰው ላለበት ቤት በሳምንት ከ1 ሊትር ዘይት አይለፍ። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ አስቀድሞ የገባውም ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ የሻይ ብርጭቆ ደረቅ ምስር ወይም አተር ወይም ባቄላ ይድረሰው። ጎመኑም በገፍ አለ፤ ብዙ ሳይበስል ከነውኃው ይበላ። አትክልትና ፍራፍሬ ተደምሮ በቀን 400 ግራም ይሁን። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያና ቲማቲም መጨመር በውስጡ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ይከለክለዋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ፣ ስልጆ፤ እናቶቻችን ያቆዩልን ይህ ሁሉ እያለ የጾም ምግብ የለም አይባልም።

ስለ ጓያ ሳልናገር አላልፍም። በደላንታና በዳውንት ምድር ስንት ጎልማሳ እግሩ ተሳስሮ በምርኩዝ እንደቀረ የወሎ ሰው ያውቃል። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሰልላል፤ የሰለለውም አይመለስም። ስለዚህ የጾም ሽሮ ሲዘጋጅ አተርና ሽምብራ ይብዛበት። ጓያ የግድ ከሆነ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረበት ውኃ ይደፋ፣ ተቀቅሎም ውኃው እንደገና ይደፋ፣ ከእህልም ጋር ይደባለቅ። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ደህናውን ምስር አበጥሮ ለራስ ይዞ ርካሹን የጓያ ሽሮ ለነዳያን መላክም ያው የተቀደደ ሸሚዝ ነው።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ፣ ጥቂት ይቅመስ፣ ከዚያ ይብላ። በባዶ ሆድ ሦስት ሲኒ ቡና፣ ከዚያም የሁለት ሰው እንጀራ መብላት ጨጓራን ያቃጥላል፣ ለማታ ጸሎትም አያስነሣም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር አይጹም። ሕመምተኛ ሆናችሁ መጾም ያልቻላችሁ አትዘኑ። እመቤታችን በስደቷ ከሰው ደጅ ውኃ ለምናለች፤ የደከመ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የእናንተ ጽጌ ጋቢውን አጥቦ መስጠት ይሁን።

ቁርስ የተወው ሰው ያልበላው እንጀራ የማን ነው? ኢሳይያስ «እንጀራህንስ ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ይላል (ኢሳ. 58፥7)። አምስት ሰው በቀን አንድ አንድ እንጀራ ቢቀርለት በ40 ቀን 200 እንጀራ ነው። ይህ ወደ ሌማቱ ተመልሶ ለኅዳር 6 የቁስቋም ድግስ ከተጠራቀመ ጾሙ ቁጠባ ሆነ። በየቀኑ የቀረው በየቀኑ ይውጣ፤ ካልተቻለ ዱቄቱ በየሳምንቱ ተሰፍሮ ለአንድ ለታወቀ ቤት ይላክ። ልብሱም እስከ ጾሙ ፍጻሜ አይቆይ። በለጋምቦና በደላንታ ደጋ ብርዱ ይጠናል፣ ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፤ ጋቢው ከዚያ በፊት ይድረስ።