የ«ብሮክን ፍላወርስ» አልበም፦ ጎረቤት የቀዳው ሲዲ

«ብሮክን ፍላወርስ» እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ ይባላል። ኮሜዲ ነው፤ ግን እየሳቅክ ሆድህን ባር ባር የሚልህ ዓይነት። በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪ የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። በፊልሙ ውስጥ የሚሰሙት ሙዚቃዎች ተሰብስበው በአንድ አልበም ወጥተዋል። ከእነሱ ሦስቱ የሙላቱ አስታጥቄ ናቸው፦ «የግሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው» እና «ጉብልዬ»።

ሙዚቃው ፊልሙ ውስጥ የገባበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። ዶን የሚባል ብቸኛ ሰው አለ፤ ቢል መሪ ነው የሚጫወተው። አንድ ቀን የላኪው ስም የሌለበት ሮዝ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከድሮ ፍቅረኞቹ አንዷ የ19 ዓመት ልጅ እንዳለው ትነግረዋለች። ጎረቤቱ ዊንስተን ትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሆኖ የሚሠራው ጄፍሪ ራይት ነው። ሴቶቹን ፈልግ ብሎ የሚወተውተውም፣ ጉዞውን የሚያሰናዳለትም እሱ ነው። በዚያ ላይ ለመንገድ የሚሆን ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ዶን የመኪናውን መሪ ሲጨብጥ የምንሰማው ሙላቱን ነው።

ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በካሴት ጊዜ ባዶ ካሴት ይዘን፣ የዘፈኖቹን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ሙዚቃ ቤት እናስቀዳ ነበር። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው የሚይዘው። የመጨረሻው ዘፈን መሀሉ ላይ ቀጥ ይላል። እስከዛሬ አንዳንድ ዘፈን ስሰማ ካሴቱ ያለቀባት ቦታ ላይ ጆሮዬ ይጠብቃል። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማሊኛ በአንድ ካሴት ላይ ተከታትለው ይመጣሉ። አይሄድም የሚል አልነበረም።

የጃርሙሽ አልበምም እንደዚያው ነው። የምትከፍተው የእንግሊዟ ዘፋኝ ሆሊ ጎላይትሊ ግሪንሆርንስ ከሚባለው ባንድ ጋር ናት። የጃማይካዎቹ ቴነርስ አሉ። ማርቪን ጌይ «አይ ዋንት ዩ»ን ይዘፍናል። የፈረንሳዩ የክላሲክ ሙዚቃ ደራሲ የፎሬ የፍትሐት ዜማም ገብቷል። ዴንጊ ፊቨር የሚባለው የሎስ አንጀለስ ባንድ አለ፤ ድምፃዊቷ ካምቦዲያዊት ናት። ስሊፕ ከተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ የተወሰደው ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሚረዝም ሥራ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ይሄኛው ለኔ አልተዋጠልኝም፤ አልፈዋለሁ።

ሙላቱ ጅማ ተወልዶ ብሪታንያና አሜሪካ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው። ቦስተን በርክሊ የሚባል የሙዚቃ ኮሌጅ ገብቶ አጥንቷል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለውም እሱ ነው። «የከርሞ ሰው» ስሙን ከሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት ጋር ይጋራል። እነዚህ ሥራዎች ከፊልሙ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳይ አገር በወጣው «ኢትዮጲክስ» በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ቁጥር 4 ላይ ተካተው ነበር፤ ያኔ ግን በብዛት የሚያውቋቸው ሙዚቃ አሳዳጆች ናቸው። ፊልሙ ተራው ተመልካች ጆሮ ውስጥ ከተታቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚየን ማርሊ «አስ ዊ ኢንተር» የሚለውን ዘፈናቸውን የሠሩት «የግሌ ትዝታ»ን መሠረት አድርገው ነው።

ሦስቱም ግጥም የላቸውም። ጃርሙሽ መኪና ውስጥ ያስገባቸው በደንብ ገብቶት ነው እላለሁ። ቃል ስለሌላቸው ሐሳብህን አይሻሙህም። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጣ ሞክረው። አንዴ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ፍላሹን ሰካና የደንገጎን ዳገት ስንጀምር «የግሌ ትዝታ» መጣች። ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፣ መስኮቶቹ ተከፈቱ። በየጥምዝምዙ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያንኑ ዜማ ይመልሳሉ። ፊልሙን አይተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላየውም። ፍላሹን የሞላለት ጎረቤቱ ነው።