«አሥራቴን አውጥቻለሁ፤ የቀረው የኔ ነው»

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ገንዘብ አያያዝ ምእመናንን የሚያስተምር ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማ አይውልም። ብዙዎች አሥራትን እንደ ኬላ ቀረጥ ነው የሚያዩት፤ አንዴ ከተከፈለ በኋላ ጭነቱን የሚፈትሽ ያለ አይመስላቸውም። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ!

ምእመን ግን የእግዚአብሔር ገንዘብ መጋቢ ነው፤ መጋቢ ማለት የሌላውን ንብረት የሚያስተዳድር ነው። ሉቃስ 16 ላይ ያለው መጋቢ «የመጋቢነትህን ሂሳብ አስረክበኝ» ሲባል የተጠየቀው የሁሉንም ነው። 15,000 ብር የሚገባበት ቤት 1,500 አውጥቶ ቢገላገልም 13,500 ብሩ ሒሳብ ይፈልጋል። መዘዙም ያለው እዚያ ነው፤ በአሥራቱ የከሰረ ቤት እስካሁን አልታየም።

«ገንዘብ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» ለሚሉትም፦ ጥቅሱ «ገንዘብን መውደድ» ነው የሚለው፤ አንድ ቃል አትዝለሉ።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት። «ገቢዬ ትንሽ ከፍ ቢል ይበቃኝ ነበር።» አይበቃም። ጳውሎስ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስረኛ ነበር። ተምሬአለሁ ነው ያለው፤ ሲደላኝ መጣልኝ አላለም። ባጃጅ ላይ ተለጥፎ የሚታየው «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ቃልም ከዚያው ከምዕራፍ 4 ነው። ከፊቱ ያለው ቁጥር የሚያወራው ስለ መጥገብና ስለ መራብ ነው፤ መኪና ስለ መግዛት አይደለም።

ትምህርቱ ደግሞ ደብተር ይፈልጋል። ለ30 ቀን የወጣው ሁሉ ይጻፍ፤ ሻይም የሞባይል ካርድም ሳይቀር፣ ማታውኑ። ሳምንት አጠራቅሞ በአንድ ቀን የሚጽፍ ትንንሹን ሁሉ ይረሳል፤ ቀዳዳው ያለው ግን ትንንሹ ላይ ነው። ቀጥሎ በወር የማይመጣው ወጪ ይደመር። ብዙ ቤት የሚወድቀው እዚህ ነው። ለምሳሌ የመስከረም ዩኒፎርምና ደብተር 6,000፣ የገናና የፋሲካ 9,000፣ የታኅሣሥ 19 የቁልቢ ጉዞና ስለት 3,000 ቢሆን፣ ድምሩ 18,000 ነው። ለ12 ሲካፈል በወር 1,500 ይሆናል። ይህ በየወሩ ካልተነሣ መስከረም በብድር ይገባል፤ ያኔ ሰውየው «ደመወዜ አይበቃም» ይላል። የጎደለው ግን የነሐሴ ደመወዝ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ያልተቀመጠው 1,500 ነው።

ከዚያ በኋላ «በቃኝ» ቁጥር ይኖረዋል። የወሩ ወጪና በየወሩ የሚቀመጠው 1,500 ተደምረው የወጪው ጣሪያ ገንዘቡ ሳይገባ ይወሰን፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ያውቁት። ጭማሪ ሲመጣ ጣሪያው ለሦስት ወር አይነካ። አዲስ ዕቃ ያማረው ስሙንና ቀኑን ጽፎ 30 ቀን ይቆይ፤ በየቅዳሜው ሱቁ ድረስ ሄዶ እየዳሰሰ ግን አይደለም፤ ይህ መታገሥ ሳይሆን ራስን ማባበል ነው። ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ስታብላይዘሩና የመብራቱ ሒሳብ አብሮ ይታሰብ፤ መብራት ከፍ ዝቅ ብሎ ሞተሩን ሲያቃጥለው ርካሹ ፍሪጅ ሁለት ጊዜ የተገዛ ይሆናል።

«ይበቃኛል» ማለት ግን መቸገር ነው ያለ የለም። በድሬ ሙቀት ቬንትሌተር ቅንጦት ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ከደንገጎ ተራራ በላይ፣ ብርዱ ውስጥ የሚኖር መሆን አለበት።

«ለክፉ ቀን ማስቀመጥ እምነት ማጣት ነው»? ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሪቱን ፍሬ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ፤ እምነት የለውም ያለው ሰው የለም። በ1998 ዓ.ም ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ቤቱን ጠርጎ የወሰደበት ሰው፣ ባንክ ያስቀመጣት ትንሽ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነች አይጠፋውም። የሦስት ወር ቀለብና ኪራይ ለመነሻ ይበቃል። ፍራሽ ሥር ግን አይሁን፤ ጎርፍ ፍራሽም ይወስዳል።

«ዕቁብ አለኝ፣ እቆጥባለሁ» የሚለውስ? እንደ ዕጣው ነው። 40 አባላት በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 20,000 ነው። መጨረሻ የሚደርሰው በእርግጥ ቆጥቧል፤ ያለ ወለድ፣ የዕቃ ዋጋ ከፊቱ እየሮጠ። መጀመሪያ የደረሰው ግን ተበድሯል፤ 39 ሳምንት ይቀረዋል፣ 19,500 ብር። ዋስ የሆነለትም ሰው አብሮት በዕዳው ተይዟል። ዕጣ በወጣ ማግስት ሶፋ የገዛ ሰው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሶፋውን ዕዳ እስከ ዓመቱ መገባደጃ ይከፍላል። ስለዚህ ዕቁብ ከመግባት በፊት ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ይወሰን፣ ሳምንታዊው 500 ከጣሪያው ውስጥ ይቆጠር፤ ብሩን የተቀበለ ደግሞ የቀሩትን ሳምንታት ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍና በጣለ ቁጥር አንድ አንድ ይሰርዝ።