የአስተዳደር እርከንና የአካባቢ ልማት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሥልጣን ወደ ታች ከወረደ ልማቱ ተከትሎ ይመጣል»

ሥልጣኑ ብቻውን አይበቃም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2001 አብዛኛውን ሥልጣን ከጃካርታ አንስታ፣ ክፍለ ሀገራቱን እንኳ አልፋ፣ በቀጥታ ለወረዳዎች አስረከበች። የማዕድን ፈቃድ መስጠትም የወረዳ ኃላፊዎች ሥራ ሆነ። ፈቃዱ በሺዎች ተቸበቸበ፤ አንድ መሬት ለሁለት ባለፈቃድ የተሰጠበት ጊዜም ነበር። ፈቃድ ሰጪው ወረዳ ከገቢው ድርሻውን ያገኛል፣ የደፈረሰው ወንዝ ግን ወደ ጎረቤት ይወርዳል። በ2014 ሕጉ ተለውጦ ፈቃዱ ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ፣ በ2020 ደግሞ ወደ ማዕከል ተመለሰ።

«አካባቢዎች በግብር ቅናሽ ቢፎካከሩ ሁሉም ይጠቀማል»

ብዙ ሹማምንት የሚወድቁበት ወጥመድ ይኸኛው ነው። በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ ከተማና አካባቢዋ ለሁለት ግዛቶች፣ ለካንሳስና ለሚዙሪ፣ የተከፈለ ነው፤ በከፊል ድንበሩ አንድ ጎዳና ነው። ግዛቶቹ ለዓመታት በግብር ቅናሽ አንዱ የሌላውን ድርጅት ሲያስኮበልሉ ኖሩ። ድርጅቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይዛወራል። ሠራተኛው ያው ነው፣ መኖሪያውም ያው፤ የተለወጠው ጠዋት ወደ ሥራ የሚነዳበት መንገድ ነው። ተቀባዩ ግዛት ግን «አዲስ የሥራ ዕድል ፈጠርኩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ ሌላው ደግሞ ግብር ከፋዩን ያጣል። በ2019 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሽሚያውን አቆሙ። የሚገርመው እስከዚያ መዘግየታቸው ነው፤ ለነገሩ የሪባን ቆረጣውን ፎቶ ማን ይጠላል?

«ድጎማ የለመደ ክልል ከጥገኝነት አይወጣም»

የደቡብ ጀርመኗ ክልል ባየርን ዛሬ ሀብታም ክልሎች ለሌሎቹ በሚያካፍሉበት የጀርመን የገቢ ማመጣጠኛ ትልቁን ድርሻ የምታዋጣ ናት። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ግን ከተቀባዮቹ ወገን ነበረች።

«ትንንሾቹን ማዋሃድ ወጪ ይቆጥባል»

ፈረንሳይ በ2016 በአውሮፓ ያሏትን 22 ክልሎች ወደ 13 አወረደች። ወዲያው የመጣው ግን ተጨማሪ ወጪ ነው፦ የተዋሃዱት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች አበል እኩል ይሁን ሲባል፣ እኩል የሚደረገው ዘወትር ከፍተኛ ከሚከፈለው ጋር ነው። ውህደት የሚያዋጣው ሰዉ በየቀኑ ለሥራ የሚመላለስበት አካባቢ በድንበር ተቆራርጦ፣ አውቶቡሱም የውኃ መስመሩም የየራሱ ባለቤት ሲኖረው ነው። ያኔም ቢሆን ለዚያ ሥራ ብቻ የጋራ ድርጅት ማቋቋም ብዙ ጊዜ ይበቃል።