አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው፦ ሎግ ኢን እና ሼል እንዴት ይሠራሉ?

ብዙ ተጠቃሚ ያለው ኮምፒውተር የሚባለው፣ ሰዎች በየራሳቸው ስም፣ ፋይልና ፈቃድ በጋራ የሚሠሩበት ማሽን ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚመራው ዋና ሶፍትዌር) የተጫነበት ሰርቨር፣ ማለትም ብዙዎችን በኔትወርክ የሚያገለግል ማሽን ነው። ወሎ ውስጥ ይህ አሠራር ቅንጦት አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ንብረት ተዘርፎባቸዋል፣ ወድሞባቸዋል። የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም ብዙ ነው። አንድ ደህና ሰርቨር ግን ሙሉ ክፍል ተማሪ ያሠራል። ተማሪው ፊት ያለው አሮጌ ማሽን ኪቦርዱና ስክሪኑ ከሠራ ይበቃዋል።

ሰው ወደ ሰርቨር ሲገባ፣ ማለትም ሎግ ኢን ሲያደርግ፣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይከናወናሉ። መጀመሪያ ማንነቱ ይጣራል። ከዚያ ሼል የሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም ተነስቶ የሥራ ቦታውን ያሰናዳለታል። ሁለቱም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፤ የሚበላሹበት ምክንያትም ለየቅል ነው። ስለዚህ «እምቢ አለኝ» የሚል ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ጋ ቆመ?» መሆን አለበት።

የይለፍ ቃል ወደ ኮምፒውተር የመጣው ማሽን በጋራ መጠቀም ሲጀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ሲቲኤስኤስ የተባለውን ሥርዓት ለእይታ አቀረቡ። በዚያ ሥርዓት ላይ እ.ኤ.አ. በ1966 የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይነገራል። ሁለት ኃላፊዎች በአንድ ጊዜ ፋይል እያረሙ ነበር። አንዱ ለሚገባ ሰው ሁሉ የሚታየውን የዕለቱን መልእክት፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር። ማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም የተጠቀመው አንድ ዓይነት ስም ያለው ጊዜያዊ ፋይል ስለነበር ፋይሎቹ ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ የገባ ሁሉ በመልእክቱ ፋንታ የሰው ሁሉ የይለፍ ቃል ቁልጭ ብሎ ታየው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሠሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የይለፍ ቃሉን በቀጥታ ከማስቀመጥ ይልቅ ወደ ኋላ ሊመለስ የማይችል ስሌቱን፣ ሃሹን፣ ወደ ማስቀመጥ ሄደ። ሊኑክስም ያንኑ ወርሷል።

አሁን ማሽኑ ፊት ተቀምጦ የሚገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው እንይ። ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ቁጥሩ 1 ነው፤ ዛሬ በብዙ ሊኑክሶች ላይ ሲስተምዲ ይባላል። እሱ በየተርሚናሉ (ትእዛዝ በሚጻፍበት የጽሑፍ ስክሪን) ላይ ጌቲ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ያቆማል። «ሎግ ኢን፦» ብሎ ስም የሚጠብቀው ጌቲ ነው። ስሙን ተቀብሎ ለሎግ ኢን ፕሮግራሙ ያስረክባል። ሎግ ኢን ደግሞ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ የሚጻፈው ነገር ስክሪን ላይ አይታይም፤ ኮከብ ምልክት እንኳ የለም። ጀማሪ ተማሪ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ ጽፎ ኢንተር መምታት ነው።

ስሙ ጭራሽ ባይኖርም ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ከመጠየቅ አይቀርም። ሲሳሳቱም ስሙ ይሁን ቃሉ የተሳሳተው አይናገርም፤ ትንሽ አዘግይቶ «ትክክል አይደለም» ይላል። ሁለቱም ሆን ተብለው የተደረጉ ናቸው። ስም እየገመተ ለሚሞክር ሰው ፍንጭ መስጠት የለበትም።

የተጠቃሚዎቹ መዝገብ «/ኢቲሲ/ፓስወድ» የሚባለው ፋይል ነው። ሀዋ የሚል አካውንት ቢከፈት አንድ መስመር ይጨመርለታል፦

ሀዋ:ኤክስ:1004:1004::/ሆም/ሀዋ:/ቢን/ባሽ

በሁለት ነጥብ የተለዩ ሰባት ቦታዎች ናቸው። ስም፣ የይለፍ ቃል ቦታ፣ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የቡድን ቁጥር፣ እዚህ ባዶ የቀረው የማስታወሻ ቦታ፣ የግል ፎልደር፣ በመጨረሻም የሚነሳው ሼል። ኤክስ የተጻፈው ሃሹ ሌላ ቦታ ስላለ ነው። «/ኢቲሲ/ፓስወድ»ን ማንም ማንበብ ይችላል፤ ቁጥርን ወደ ስም ለመቀየር ብዙ ፕሮግራም ይፈልገዋል። ሃሹ ግን ተራ ተጠቃሚ በማያነበው «/ኢቲሲ/ሻዶው» ውስጥ ነው። ከርነሉ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይደለም። 0 የሁሉ አዛዥ የሩት ቁጥር ነው። ተራ ሰዎች በብዙ ሊኑክሶች ከ1000 ይጀምራሉ። በተግባር ስሙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የተለመደው አካውንት መክፈቻ በግዕዝ የተጻፈ ስም አይቀበልም።

ቃሉ ከተስማማ ሎግ ኢን የፕሮሰሱን ቁጥር ከ0 ወደ 1004 ያወርዳል። ወደ ግል ፎልደሩ ይገባል፣ ሼሉንም ያስነሳል። ይህ ሼል የመግቢያ ሼል መሆኑ እንዲታወቅ ስሙ ፊት ሰረዝ ይደረግለታል። ቀላል ምልክት ናት፤ ግን የትኞቹ ፋይሎች እንደሚነበቡ የምትወስነው እሷ ናት።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ባሽ የተባለው ሼል እንደ መግቢያ ሼል ሲነሳ አስቀድሞ የጋራውን «/ኢቲሲ/ፕሮፋይል» ያነባል። ከዚያ በግል ፎልደሩ ውስጥ «.ባሽ_ፕሮፋይል»፣ «.ባሽ_ሎግኢን»፣ «.ፕሮፋይል» በዚሁ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። መጀመሪያ ያገኘውን አንዱን ብቻ ያነባል፤ ሌሎቹን ዞር ብሎም አያይም። ስለዚህ «.ፕሮፋይል» ውስጥ ለወራት የሠራ መቼት (ሴቲንግ) አንድ ፕሮግራም «.ባሽ_ፕሮፋይል» ሲፈጥር ድንገት ይጠፋል። መቼቱ አልተሰረዘም፤ የሚያነበው አጣ እንጂ።

ከገቡ በኋላ ሌላ ባሽ ቢከፈት ወይም በዴስክቶፕ ላይ ተርሚናል ቢነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመግቢያ ሼል አይደለም። የሚያነበው «.ባሽአርሲ»ን ነው። የተለመደው መፍትሔ የመግቢያ ፋይሉ ራሱ «.ባሽአርሲ»ን እንዲጠራ ማድረግ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ይህን ነው፦ አንዴ የሚቀመጡ ነገሮች፣ ለምሳሌ የፕሮግራም መፈለጊያ መንገዱ ፓዝ፣ በመግቢያው ፋይል ይሁኑ። አቋራጭ ትእዛዞች «.ባሽአርሲ» ውስጥ ይሁኑ።

ፓዝ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተማሪው የራሱን ፎልደር ሲጨምር የድሮውን ሳያስከትል ከጻፈ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ ፋይል መዘርዘሪያው ትእዛዝ እንኳ «አልተገኘም» ይላል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። «/ቢን/ኤልኤስ» ብሎ ሙሉ አድራሻውን ቢጽፍ ይሠራል፤ ፋይሉንም በዚያው መንገድ ማስተካከል ይችላል። «.ባሽአርሲ» ውስጥ ለሰላምታ ብሎ ጽሑፍ ማተምም ችግር ያመጣል። ባሽ ከሌላ ማሽን በኔትወርክ ወደ ሰርቨር በሚያስገባው ኤስኤስኤች በኩል ትእዛዝ ሲላክለትም ያን ፋይል ስለሚያነብ፣ ሰላምታው ከፋይል ዝውውሩ ጋር ተደባልቆ ዝውውሩን ያበላሸዋል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ሁለት ነገር ልጨምር። በመግቢያው ፋይል ቋንቋው የኢትዮጵያ አማርኛ ከተደረገ፣ ያ ቋንቋ ሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ፣ የቀን ትእዛዙ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ያወጣል። ወሩ ግን የፈረንጅ ነው። ማሽኑ ፊት ባለው ጥቁር ኮንሶል ላይ ደግሞ ፊደላችን በአብዛኛው ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ኮንሶሉ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 512 ቅርጽ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የተለመዱት ፎንቶች ውስጥም ግዕዝ የለም። ከሌላ ማሽን ዴስክቶፕ ላይ ሆኖ በኤስኤስኤች መግባት ይሻላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው «ላስት» የሚባል ትእዛዝ አለ። ከቀኑ 8፡30 የገባ ተማሪ እዚያ 14፡30 ተብሎ ይጻፋል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ከተተወ ደግሞ 11፡30 ይላል። ማን ምን አደረገ የሚል ክርክር ሲነሳ ይህን ሳያውቁ መፍረድ ሰው ያስበድላል።

ሰርቨሩ ኮምቦልቻ፣ ተማሪው ደሴ ቢሆን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ የለበትም። ኤስኤስኤች በተለምዶ በፖርት 22 (በሰርቨሩ የኔትወርክ በር ቁጥር) ይቀበለዋል። ማንነቱን በይለፍ ቃል ወይም በቁልፍ ፋይል አጣርቶ ያንኑ የመግቢያ ሼል ያስነሳለታል። ደሴ ላይ መብራት ቢጠፋ ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሰርቨሩ መቋረጡን ሲያውቅ ሼሉ ይዘጋል፤ ሲሠራ የነበረውም ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ይሄዳል። ረጅም ሥራ ያለው ሰው ቲመክስ ወይም ስክሪን በተባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ይጀምረው። መብራቱ ሲመጣ ተመልሶ ገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንድ ሰርቨሮች ግን ተጠቃሚው ሲወጣ ፕሮሰሶቹ ሁሉ እንዲዘጉ ተደርገው ስለሚዘጋጁ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሰርቨሩን ኃላፊ መጠየቅ ያስፈልጋል።