በድንገተኛ ክፍል ትሪያጅ ምንድን ነው?

ከደምበጫ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር በቃሬዛ፣ በባጃጅ ወይም በአምቡላንስ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው የትሪያጅ ነርስ ነው። ትሪያጅ ማን አሁኑኑ መታየት እንዳለበት፣ ማን ደግሞ ትንሽ ቢቆይ ጉዳት እንደማይደርስበት የሚለይበት አሠራር ነው። የበሽታውን ስም ማወቅ አይጠይቅም። ወረፋው የሚያዘው በሕመሙ ክብደት ስለሆነ ኋላ የመጣ ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ካርድ ማውጣትና ክፍያ ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ፤ አስታማሚው ካርድ ክፍል ተሰልፎ በሽተኛው ደጅ ከተኛ ሥራው ገና ከበሩ ተበላሽቷል።

በሰፊው ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ የደቡብ አፍሪካው ነው። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ለአዋቂ ሰው ነጥብ የሚሰጠው በሰባት ነገሮች ነው፦ አካሄድ፣ የትንፋሽ ብዛት፣ የልብ ምት፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃት እና የአደጋ ጉዳት። ድምሩ 7ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ፣ 5 ወይም 6 ብርቱካናማ፣ 3 ወይም 4 ቢጫ፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው።

አንድ ሳል የያዘው ገበሬ ሰው ደግፎት ገባ እንበል፤ 1 ነጥብ። ትንፋሹ በደቂቃ 26፣ 2 ነጥብ። የልብ ምቱ 112፣ ሌላ 2። የላይኛው ግፊቱ 110፣ ሙቀቱ 37.8፣ ንቁ ነው፣ ጉዳት የለበትም፤ ለእነዚህ 0። ድምሩ 5፣ ብርቱካናማ። ነርሱ ትንፋሹን ሳይቆጥር በግምት 20 ብሎ ቢጽፍ ግን 1 ነጥብ ይጎድልና ሰውየው ቢጫ ይሆናል። 10 ደቂቃ የነበረው 1 ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። ግፊትና ሙቀት በመሣሪያ ይነበባሉ፤ ትንፋሽ ግን ቆሞ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። ትክክለኛው መንገድ የልብ ምት እንደሚለካ ሰው የእጁን አንጓ ይዞ፣ ለበሽተኛው ሳይናገሩ፣ የደረቱን ወይም የጋቢውን ከፍ ዝቅ ማለት ሙሉ 60 ሰከንድ መቁጠር ነው። እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ደግሞ አንዷን የሳቱትን ትንፋሽ አራት ያደርጋታል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በክረምት ብርድ በደነዘዘ እጅ ወይም በጥፍር ቀለም ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ እጁን አሙቆ፣ ቀለሙን አስለቅቆ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ነጥብ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። የነቀዝ ክኒን የዋጠ ሰው በእግሩ ገብቶ፣ እያወራ፣ ድምሩ 1 ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ሆድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ማርከሻም የለውም፤ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ስለዚህ መርዝ የወሰደ ሁሉ ነጥቡ ምንም ያህል ዝቅ ቢል፣ ቢያንስ ብርቱካናማ ነው። አስታማሚ ዕቃውን ወይም መጠቅለያውን ይዞ ቢመጣ ትልቅ እገዛ ነው። የደረት ሕመምም እንዲሁ ብርቱካናማ ሲሆን፣ ራሱን ስቶ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ የመጣ ቀይ ነው።

ለሕፃናት የአዋቂ ሰንጠረዥ አይሠራም፤ የራሳቸው አላቸው።

ቀለም አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም። ቢጫ ሆኖ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሰዓቱ ካለፈ፣ ወይም አስታማሚው «ባሰበት» ካለ፣ እንደገና ይለካል። ክፍሉ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ነው፤ በእኛ እምነት ከሁሉም በላይ መጠበቅ ያለበትም ይኸው ነው።

ትሪያጅ ይሠራ እንደሆነ ለማጥናት የሚፈልግ ተመራማሪ ሦስት ሰዓቶች ያስፈልጉታል፦ የደረሰበት፣ ትሪያጅ የተደረገበት፣ ሐኪም ያየበት። እኛ ዘንድ ትልቁ ችግር የሰዓት አቆጣጠር ነው። ነርሷ 3፡10 ብላ በኢትዮጵያ ሰዓት ትጽፋለች፣ ሐኪሙ በስልኩ አይቶ 9፡25 ይላል። የቆየው 15 ደቂቃ ነው ወይስ 6 ሰዓት ከ15? ከወር በኋላ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። አንዱን አቆጣጠር መርጦ ቅጹ ላይ ማተም፣ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚል ሣጥን መጨመር፣ ሁሉም ከአንድ የግድግዳ ሰዓት እንዲያነብ ማድረግ ይህን ይፈታዋል። ቅጹ ተረኛ ሲቀያየር ከትውስታ ከተሞላ ግን ያም አይረዳም፤ ደቂቃዎቹ ሁሉ በ0 ወይም በ5 ሲያልቁ ከታየ መረጃው በግምት የተጻፈ ነው።