ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ምንድን ነው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል በእኛ አገር። እንግሊዞች ግን ንጉሣቸውን ከሰሱት። ፈርደውም አንገቱን በመጥረቢያ ቀሉት። አሥራ አንድ ዓመት ቆይተው ደግሞ ልጁን አነገሡ። እኔን ይህ ታሪክ የገባኝ የገንዘቡን ነገር ስከተል ነው።

ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ማለት ንጉሡ ይነግሣል እንጂ አያስተዳድርም ማለት ነው። ሕግ የሚያወጣው ፓርላማው ነው። አገር የሚመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩና ካቢኔያቸው ናቸው። ንጉሡ የሚሾመውም የሚያጸድቀውም በእነሱ ምክር ነው። ብሪታንያ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ሕገ መንግሥት የላትም። ነገሩ የመጣው በየዘመኑ ጠብና ድርድር ነው።

መነሻው ብዙ ጊዜ 1215 ይባላል (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ንጉሥ ጆን ለጦርነቱ ገንዘብ ሲል ባላባቶቹን አስመረራቸው። እነሱም አምፀው በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ረኒሚድ መስክ ላይ ማግና ካርታን አቀረቡለትና ማኅተሙን አስደረጉት። ነፃ ሰው ያለ ሕግ አይታሰር ይላል። ጭሰኛው ግን ነፃ ሰው ተብሎ አይቆጠርም ነበር፤ ይህ መረሳት የለበትም። የሮማው ጳጳስ ሰነዱን በጥቂት ወራት ውስጥ ሻሩት። በ1225 የጆን ልጅ አዲስ ግብር ሲፈልግ ግን በምትኩ መልሶ አወጀው። ግብር የሚፈልግ ንጉሥ ሰጪዎቹን መስማት አለበት፤ ፓርላማ ያደገው በዚህ መንገድ ነው።

ኋላ የነገሠው ቻርልስ ቀዳማዊ ይህን ጠላ፤ መጀመሪያ ላይ አንገቱ ተቀላ ያልኩት ንጉሥ እሱ ነው። ከ1629 ጀምሮ 11 ዓመት ያለ ፓርላማ ገዛ። ከስኮትላንድ ጋር ጦርነት ሲገጥም ግን ካዝናው አልበቃውም፣ ሳይወድ በግዱ ፓርላማውን ጠራ። በጥር 1642 አምስት የፓርላማ አባላትን ለማሰር ወታደር አስከትሎ የተመረጡት ተወካዮች እስከሚሰበሰቡበት እስከ ታችኛው ምክር ቤት ድረስ ገባ። ሰዎቹ ቀድመው አምልጠዋል። የት እንዳሉ አፈ ጉባኤውን ሌንታልን ጠየቀው። ሌንታል ተንበረከከና ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር እዚህ የማይበት ዓይን፣ የምናገርበት አንደበት የለኝም አለው። ተንበርክኮም እምቢ ማለት ይቻላል ለካ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ጥር 30 ቀን 1649 ቻርልስ ለንደን ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት ተገደለ። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው ሰዎች ፈራ እንዳይሉት ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ነበር።

ለእኔ ዋናው መታጠፊያ ግን 1689 ነው። የቻርልስ ሌላው ልጅ ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ከሸሸ በኋላ ባልና ሚስቱ ዊልያምና ሜሪ ሲነግሡ የመብቶች ሕግ ወጣ። ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መጣል፣ ሕግ ማገድ፣ በሰላም ጊዜ ቋሚ ሠራዊት ማቆየት ቀረ። ፓርላማ ያጸደቀውን ሕግ ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያለችው ንግሥት አን ናት፣ በ1708። በ1721 ዋልፖል ሥልጣን ያዘ፤ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው እሱ ነው።

ዛሬም ፓርላማ በንጉሡ ሲከፈት የ1642ቱ ቀን ይታወሳል። «ጥቁር በትር» የሚባለው የንጉሡ መልእክተኛ ወደ ታችኛው ምክር ቤት ሲደርስ በሩ ፊቱ ላይ ይዘጋል። በበትሩ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ከዚያ ይከፈትለታል። ንጉሡ ራሱ እዚያ አይገባም። ላይኛው ምክር ቤት ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የታችኛውን አባላት ይጠብቃቸዋል፣ ሲመጡም ሚኒስትሮቹ የጻፉለትን ንግግር ያነባል።